14 ኩንታል ፉርኖ ዱቄት

ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ልጆቹ ተኝተዋል፣ ቡናው ቀዝቅዟል፣ እኔ አሁንም እዚያው ምዕራፍ ላይ ነኝ። የኢንሹራንስ ፈተናዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በዕቅዴ መሠረት ዛሬ ስለ ዳረጎት (ኩባንያው ካሳ ከከፈለ በኋላ በደንበኛው ቦታ ተተክቶ ጥፋተኛውን የሚጠይቅበት መብት) ማንበብ ነበረብኝ፤ ግን «የቅርብ ምክንያት» የሚለውን፣ ጉዳቱን ያደረሰው በእርግጥ የትኛው ነው የሚለውን ክፍል ካነበብኩ ወዲህ ገጹ አልገለጥ ብሎኛል።

የምማረው የለንደኑን የቻርተርድ ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት ዲፕሎማ ነው፤ እኛ በአጭሩ ሲአይአይ እንለዋለን። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 የተቋቋመ፣ በ1912 ከእንግሊዙ ንጉሥ ቻርተር የተሰጠው የቆየ ቤት ነው። ለዲፕሎማው 120 ነጥብ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ከስም ኋላ ኤሲአይአይ የሚለውን የኢንስቲትዩቱን የአባልነት ማዕረግ ለመጻፍ ደግሞ 290። የተመዘገብኩት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ነበር፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ሳይለቀቅ። ከዚያ በኋላ በፓውንድ የሚከፈለው የፈተና ክፍያ በብር ሲሰላ በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። የምከፍለው ለንደን በምትኖረው እህቴ ካርድ ነው። እሷ እዚያ ትከፍላለች፣ እኔ እዚህ ለእናታችን እሰጣለሁ። ባለቤቴ «ይሄ ነገር ሲያልቅ ደመወዝ ይጨምራል?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። ሁለቱንም ጊዜ ወሬ ቀየርኩ።

ሥልጠና አጥቼ አይደለም። መሳቢያዬ ውስጥ ዘጠኝ የምስክር ወረቀት አለ። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ፣ ሦስት ቀን፣ ስላይድ፣ የሻይ ዕረፍት፣ አበል፣ የቡድን ፎቶ። ፈተና የነበረው በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ተጠጋግተን ተቀምጠን አብረን ነው የሠራነው። ዘጠኙም ላይ «ተሳትፏል» ነው የሚለው። «ያውቃል» የሚል የለም፤ ለነገሩ ሐቁን ነው የጻፉት።

ወደ ምዕራፉ ልመለስ። ኢካሪያ የምትባል መርከብ ነበረች። በአውሮፓውያኑ 1915 ጥር ወር ላይ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት መሃል፣ ሌ ሃቭር ወደብ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታት። አልሰመጠችም። ጎትተው ወደቡ አስገቧት። ከዚያ ማዕበል ተነሳና ከወደቡ ግንብ ጋር ያላትማት ጀመር። የወደቡ ሹሞች እዚሁ ሰምጣ መንገድ ትዘጋብናለች ብለው ወደ ውጭው በኩል አስወጧት። እዚያ ውሃው በሸሸ ቁጥር ሆዷ መሬት እየነካ፣ በሞላ ቁጥር እየተነሳች፣ በመጨረሻ ወገቧ ተሰብሮ ሰመጠች። ባለቤቶቹ የባሕር አደጋ ኢንሹራንስ አላቸው፤ ፖሊሲው ግን የጠላት ጥቃትን አይሸፍንም። ታዲያ ምን ገደላት? ማዕበሉ ወይስ ቶርፔዶው?

ያኔ የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1918 ቶርፔዶው ነው አለ። ቀን ቢያልፍም፣ መሃል ላይ ማዕበልና የሹም ትእዛዝ ቢገባም፣ መርከቧ ከዚያች ቁስል አልወጣችም። ከዳኞቹ አንዱ፣ ሎርድ ሾው፣ ምክንያት ሰንሰለት አይደለም፣ መረብ ነው ብለዋል። «ቅርብ» ስንል በሰዓት የቀረበ ይመስለናል፤ እሳቸው ግን የሚሉት በጉልበት የቀረበውን ነው። ኩባንያው አልከፈለም።

እዚህ ላይ ነው ያቆምኩት። እኔ የዛሬ ሰባት ዓመት ይህንኑ ነገር በአማርኛ፣ ከነማብራሪያው፣ ከአንዲት ዳቦ ጋጋሪ አፍ ሰምቻለሁ።

ካሳ ክፍል በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ያኔ የምሠራው ሌላ ኩባንያ፣ አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ነበር። ሴትዮዋ የእሳትና የመብረቅ ፖሊሲ ነበራት። ሌሊት በኤሌክትሪክ ኮንታክት ዳቦ ቤቷ ውስጥ እሳት ተነሣ፤ እሳት አደጋ መጥቶ አጠፋው። ምድጃው በኩል ያለው ግድግዳና ጣሪያው ተቃጥሏል። ከኋላ መጋዘኗ ውስጥ የነበረውን 14 ኩንታል ፉርኖ ዱቄት ግን እሳቱ ጫፉን አልነካውም። የነካው ከቦቴው የተረጨው ውሃ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ። ጆንያዎቹ ውጫቸው ሊጥ ሆኖ ደርቋል፤ በጣቴ ስጫነው እንደ ኖራ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ የጎመዘዘ ሽታ ይወጣል። ከጥግ ያለው አንዱ ጆንያ እንዲያውም መቡካት ጀምሮ ተነፋፍቶ ነበር።

የክፍል ኃላፊዬ ፋይሉን አገላብጠው «ፖሊሲዋ የእሳት ነው፤ ውሃ ምን አገባው? የጎርፍና የውሃ ተጨማሪ ሽፋን አልገዛችም» አሉኝ። እኔም ምንም አላልኩም። ለግድግዳው፣ ለጣሪያውና ለምድጃው ከፈልን፤ ለዱቄቱ የእምቢታውን ደብዳቤ እኔ አረቀቅሁ፣ እሳቸው ፈረሙ። ሳስረክባት አንብባ ቀና አለችና «አንተ ልጄ፣ እሳቱ ባይነሣ ውሃውን ማን ያመጣው ነበር?» አለችኝ። «እማማ፣ ፖሊሲው እንደዚያ ነው የሚለው» አልኳት። ፖሊሲው እንደዚያ አይልም ነበር። እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት።

እሳትን ለማጥፋት በተረጨ ውሃ የደረሰ ጉዳት የእሳት ጉዳት ነው። ይሄ የሚያከራክር፣ ሁለት ዓይነት ሐሳብ ያለበት ጉዳይ አይደለም፤ መጽሐፉ ውስጥ እንደ ቀላል ምሳሌ በሁለት መስመር አልፎታል። እኔን ያናደደኝም ሁለት መስመር መሆኑ ነው። ያን ዓመት ሁለቱን መስመር የሚያሳየኝ ሰው ቢኖር አንዲት ሴት 14 ኩንታል ዱቄት አታጣም ነበር። ኃላፊዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። እሳቸውንም ያስተማራቸው የቀድሞው ኃላፊ ነው፣ እሱንም ከእሱ በፊት የነበረው።

ሰው «የለንደን ዲፕሎማ ለአዲስ አበባ ኢንሹራንስ ምን ይሠራል?» ይለኛል። ግማሽ እውነት አለው። የእንግሊዞቹ የኢንሹራንስ ሕግ በአውሮፓውያኑ 2015 ተሻሽሎ፣ ደንበኛ ሳያውቅ ሳይናገር ለቀረው ነገር ውሉን ከሥሩ በማፍረስ ፈንታ ካሳውን በመጠኑ መቀነስ እንዲቻል ሆነ። ይህን ሳነብ የእኛውን የ1952 የንግድ ሕግ አወጣሁ። ፈረንሳዮች ያረቀቁት ነው፤ ሆን ብሎ የደበቀና ሳያውቅ ያጎደለ እዚያ ከጥንት ተለይተዋል፣ መቀነሱም አለ። ስንት ዓመት ከጠረጴዛዬ ላይ የነበረ መጽሐፍ ነው። ለመክፈቱ ለንደን ድረስ መክፈል ነበረብኝ፣ በፓውንድ።

ባለፈው ሳምንት የድሮ ቅርንጫፌ ያለ ጓደኛዬን ለምኜ ፋይሉን ከመዝገብ ቤት አስወጣሁት። የሱን ጠረጴዛ ተውሼ ነው ያየሁት። ፎቶዎቹ ደብዝዘዋል፣ የእሳት አደጋው ማስረጃ አለ፣ የዱቄቱ ደረሰኞች በስፒል ተያይዘዋል። የእኔ ደብዳቤ ቅጂም አለ። ከሥሩ ስትቀበል የፈረመችበት ቦታ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተንጋደደ ጽሑፍ «ደርሶኛል። አልተስማማሁም።» ብላለች። ያን ጊዜ አላየሁትም፤ ወይም አይቼ አለፍኩት።

የሁለት ዓመቱ ይርጋ ካለፈ ቆይቷል። ክስ ብትመሠርትም አይሄድላትም። የቀረው ኩባንያው በበጎ ፈቃዱ የሚከፍለው፣ ኤክስ ግራሺያ የምንለው ነው። አሁን እዚያ ስለማልሠራ ጓደኛዬ በራሱ ስም ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ማስታወሻ ጻፈ፤ ማብራሪያውን እኔ ነኝ ያዘጋጀሁለት። መጀመሪያ ኢካሪያን አስገብቼ ነበር። ጓደኛዬ ሳቀና ሰረዘው፤ በምትኩ የሴትዮዋን ጥያቄ እንዳለ አስገባነው።

ማስታወሻው ሰኞ ገባ። ዛሬ ጠዋት ደውዬ ጠየቅሁት፤ «ጠረጴዛቸው ላይ ነው፣ ከሥር» አለኝ። ነገ እደውላለሁ። አሁን ዳረጎትን ልክፈት።