ከጎጀብ ማዶ

እንግዳ ሸኝቼ ስመለስ ቤቱ ይከብደኛል። ትናንት ከሸኘኋቸው ጀምሮ እጄ ሥራ አልያዝ ብሏል። መስከረም እየተጋመሰ አልፏል፤ ሌላው አገር ሰማዩ ጠርቷል ይላሉ፣ ጅማ ግን ዝናቧን ገና አልጨረሰችም። ከሰዓት ሲሆን ደመናው ከጅሬን በኩል ይወርድና ፈረንጅ አራዳ ድረስ ይጨልማል። ረከቦቱን አላነሳሁም፣ ቄጤማውም እንደተጎዘጎዘ ነው። የምታውቁት የመስቀል ማግስት ድብርቴ ነው፤ በየዓመቱ ይመጣል፣ ይሄዳል።

የዘንድሮውን ያከበደው አንድ ጥያቄ ነው። መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ከእንግዶቼ የአንዷ ባል መስታወቱን ዝቅ አድርጎ “ከዚህ ወዲያ ምን አለ?” አለኝ። እጁን ወደ ቦንጋ መውጫ ዘርግቶ ነው የጠየቀኝ። “ኧረ ስንቱ!” አልኩት። ሞተሩ ተነስቷል፣ ልጆቹ ይጨቃጨቃሉ፣ ጊቤን ሳይመሽ ማለፍ አለባቸው። ሄዱ። እኔ መልሱን ይዤ ቀረሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ስመልስለት አደርኩ።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ እዚህ የሚደርስ ሰው የሚያየው የታወቀ ነው፦ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ሙዚየሙ፣ ጊዜ ከተረፈው ቦዬ ወርዶ ጉማሬ ብቅ እስኪል መጠበቅ። ከዚያ ቡናና ማር ይገዛል፣ በርጩማ መኪናው ላይ ይጭናል፣ ይመለሳል። ከተማዬ ናት፣ ሲወዱልኝ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ የመንገድ መጨረሻ ሲያደርጓት ነው። ድሮ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች፣ በእነ አባባ ዘመን ጅማ የደረሰ ሰው ከፋን ያየ ይመስለው ነበር። ቡናውም እንደዚያው፤ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ የተለቀመው ብዙው እዚህ መጥቶ፣ ጅማ ተብሎ ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል። ማሩ ይመጣል፣ ኮረሪማው ይመጣል፣ ጣውላው ይመጣል። ወደመጡበት የሚሄድ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ እዚሁ ጅማ ተወልዶ ያደገ እንኳ ጎጀብን ሳይሻገር የሚያረጅ አለ።

ለምን እንደሆነ ሳስብ፣ እኛ ጉብኝት ሲባል ድንጋይ ነው የሚታየን። ላሊበላ፣ አክሱም፣ የጎንደር ግንብ፣ የሐረር ጀጎል። ትምህርት ቤትም የተማርነው ይህንኑ ነው። ትኬት የሚቆረጥበት በር፣ አጠገቡ ቆመው ፎቶ የሚነሱት ግድግዳ ከሌለ አገሩ ባዶ ይመስለናል። ከጎጀብ ማዶ ያለው ሀብት ደግሞ ዛፍ ነው። ዛፍ በር የለውም። “ይኸው ደረስን” የሚባልበት ቦታ የለውም።

ድንጋይና ቤት ያልቀረላቸውም በራሳቸው ጥፋት አይደለም። የእኛ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነገሡ። ለምኒልክ ገበሩ፣ አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ፣ ቤታቸውም ጅሬን ላይ ይኸው ቆሟል። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ግን አልገብርም አሉ። በ1897 እ.ኤ.አ. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቱባቸው፤ ከዘማቹ መካከል የጅማ ሰውም ነበረበት። ንጉሡ ወራት በየጫካው ሲዋጉ ቆይተው ተያዙ፣ በ1919 እ.ኤ.አ. በግዞት እንዳሉ አረፉ። መናገሻቸው በነበረው አንድራቻ ዛሬ እንደ ጅሬን የቆመ እልፍኝ የለም። እንግዶቼ የአባ ጅፋርን በረንዳ እየዳሰሱ “እንዴት ተጠብቆ ቆየ!” ሲሉ ይህን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጅሬንን ብቻ ያየ ሰው የታሪኩን ግማሽ ነው ያየው። ሌላው ግማሽ ሣርና ዛፍ በቅሎበት ወንዙን ተሻግሮ ተቀምጧል።

አባባ በኤንትሬ የጭነት መኪና ቡና ይጭን በነበረበት ዘመን፣ ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና ውስጥ በእሱና በረዳቱ መሀል እቀመጥ ነበር። መንገዱ ያኔ ፒስታ ነው። ሲዘንብ ጎማው ይሰምጥና ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ይሮጣል፣ እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ “በርታ!” እላለሁ። ሰቃን አልፈን ሸቤ አካባቢ የበለጠ ጫካ ውስጥ ስንገባ ቀኑ ይጨልማል። አባባ ወሬውን ያቆማል። ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን እያወዛወዙ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲዘሉ ቅርንጫፉ የጋቢናውን ጣራ ይነካል። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ጎጀብ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። ታች ሲደረስ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል፣ ሁሉም ሹራቡን ያወልቃል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዝ ደግሞ ያወለቅነውን መልሰን እንለብሳለን። ማታ ቦንጋ ስንደርስ ጉም ነው፤ ከተማዋ ጉብታው ላይ ተቀምጣ መብራቷ ብቻ ይታያል።

ዛሬ አስፋልት ሆኗል። ከጅማ ቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ጠዋት ቁርስ በልቶ የተነሳ ለምሳ ይደርሳል። ያ ሁሉ የቆላና የደጋ መለዋወጥ በግማሽ ቀን ውስጥ ያልፋል። ለዚህ ነው ያ አገር በአውሮፕላን ሄደው፣ አንድ ሆቴል አርፈው የሚያዩት አይደለም የምለው። እየሄዱ፣ እየቆሙ፣ ከመኪና እየወረዱ ነው የሚታይ። መንገዱ ራሱ ነው ጉብኝቱ።

ቦንጋ ሲደረስ የቡና ሙዚየም አለ፤ ግን ሙዚየሙን አይተው ብቻ እንዳይመለሱ። የጫካ ቡና ማየት አለባቸው። ማንም ያልተከለው፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ የበቀለ ቡና ነው። ግንዱ ቀጭን ነው፣ ብርሃን ፍለጋ ተንጠራርቶ ረዝሟል፣ ፍሬውም እዚህ ሁለት እዚያ ሦስት ነው። የጓሮ ቡና ብቻ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ ቡናው የት አለ ሊል ይችላል። የቡና እናት ዛፍ አለበት የሚባለው ማንኪራም ከቦንጋ ሩቅ አይደለም፤ ከአስፋልት ስለሚወጣ በበጋ ነው የሚሻለው። ዓረቢካ ቡና በዱርነቱ በብዛት የሚገኘው በዚህ በደቡብ ምዕራብ ደን ነው። በሽታ ወይም ድርቅ የሚቋቋም ዘር ፍለጋ ተመራማሪ የሚመጣውም ለዚሁ ነው፤ ዓለም ላይ ያለው የእርሻ ቡና እጅግ ከጥቂት ዘር የተባዛ ስለሆነ፣ የጎደለው ሁሉ እዚህ ጫካ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ዩኔስኮ የከፋን ደን በ2010 እ.ኤ.አ.፣ የሸካን በ2012 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧቸዋል።

ጌሻ የሚባለውን የቡና ዝርያ ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚያው ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ዘሩ ተለቅሞ ወጣ። በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ ኮስታሪካ ገባ፣ ከኮስታሪካ ፓናማ። እዚያ ለአሥርት ዓመታት ልብ ያለው አልነበረም። በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ የፓናማ እርሻ ለውድድር አቀረበው፣ አንደኛ ወጣ፣ በጨረታ ፓውንዱ 21 ዶላር ተሸጠ፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ የቡና ዋጋ ተሰምቶ አይታወቅም። ዛሬ በየአህጉሩ ያለ ቡና ወዳጅ ጌሻ ሲባል ያውቃል። እኛ ደግሞ ከጅማ ተነስተን ዘሩ የወጣበትን አገር የማናውቅ ብዙ ነን። ውጭ የሚኖረው ታላቄ አንድ ስኒ ጌሻ የከፈለበትን ዋጋ ሲነግረኝ ከዋጋው ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው።

ቦንጋ አካባቢ አንድ ቀን አይበቃም። የእግዜር ድልድይ አለ፤ ወንዙ ዓለቱን ከሥር ሰርስሮ ሲያልፍ ላዩ ድልድይ ሆኖ ቀርቷል፣ ሰውም ከብትም ይሻገርበታል። ባርታ ፏፏቴ አለ። በሚዛን መንገድ ጥቂት እንደወጡ ውሽውሽ ነው፤ የሻይ ቅጠሉ ኮረብታውን ሁሉ ሸፍኖ ከደኑ ጥግ ይገናኛል። ከየመንገዱ ዳር ማር ይገዛል። ቀፎዎቹ ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ተሰቅለው ከመኪና ይታያሉ፤ እንዴት እንደሚወጡበት ሳይ እኔ ታች ሆኜ ይዞርብኛል። ኮረሪማውና ጥምዙ ከዚያው ጫካ ነው፤ የእማማ በርበሬ ያለ እነሱ በርበሬ አይሆንም። ቆጮ ደግሞ ትኩሱን፣ በኮባ ከተጋገረው፣ ከእነሱ ቤት መብላት ነው። የከፋ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮም በዚሁ በመስከረም ነው፤ ለመስቀል ጅማ የሚመጣ እንግዳ ጉዞውን ትንሽ ቢያስተካክል ሁለቱንም ያገኛል።

ይህ አገር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተብሎ ራሱን የቻለ ክልል የሆነው በህዳር 2014 ዓ.ም. ነው። የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው፣ ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው መንገድ ለመጠየቅ አይቸገርም። ዋና ከተማነቱን እንኳ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ታርጫና ቴፒ ተካፍለውታል። ይህ ደስ ይለኛል። ሁሉ ነገር አንድ ከተማ ላይ የሚከመርበትን አገር ስለለመድን ይሆናል።

ጊዜ ላለው ሰው የምመክረው ዙሩን ነው። ከቦንጋ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ ቤበቃ ወርዶ ሰፊውን የቡና እርሻ ማየት፣ ከዚያ ቴፒ፣ ከቴፒ ዳገቱን ወጥቶ ማሻ። ማሻ ዝናብ የማይጠግብ አገር ነው፤ ደኑ ውስጥ ቀርከሃ ይጀምራል፣ መንገዱ ጠዋት ጠዋት በጉም ይዘጋል። ማሻን ሲያልፉ ኦሮሚያ ተመልሰው ይገባሉ፦ ጎሬ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ በጣሊያን ስትያዝ መንግሥቱ ለጥቂት ወራት የተቀመጠባት ጎሬ፣ ከዚያ መቱና ሶር ፏፏቴ፣ በደሌ፣ አጋሮ፣ ጅማ። በሄዱበት ሳይመለሱ ቤት መድረስ። አባባ ይህን ዙር በሕይወቱ ምርጡ መንገድ ይለዋል፣ ስንት አገር የነዳ ሰው።

ችግሩንም መደበቅ አይገባም። ከአስፋልቱ የወጣ መንገድ በክረምት አይሞከርም። ነዳጅ ጅማ ላይ ሞልቶ መነሳት ነው። ሆቴሉ መጠነኛ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። አንዳንዱ አካባቢ ደግሞ ሰላሙን አስቀድሞ ከሹፌሮች መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መነኸሪያ ሄዶ ከሚዛን የገባ ሹፌር ማነጋገር በቂ ነው፣ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ጠዋት ለአባባ ስነግረው ዓይኑ በራ። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ ከሰፈር ርቆ አያውቅም። “ጥቅምት ላይ እንሂድ፣ ቡናው ሲቀላ” አለ። እንደ ድሮው ከፊት ሊቀመጥ፣ እኔ ልነዳ። ትንሿ እህቴ ሰማችና “እኔም አለሁበት” አለች፣ ግን የእሷ መንገድ ሌላ ነው። እሷ የምትለው በዴዶ፣ በጪዳ፣ ወደ ኮንታና ዳውሮ ነው። ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ዝሆን አለ፣ ጎሽ አለ። ሃላላ ኬላ ላይ ሐይቁን ቁልቁል ማየት አለ። ድንጋይ ካላየሁ ለሚልም የንጉሥ ሃላላ ካብ አለ፤ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ሸንተረሩን ተከትሎ የሚሄድ። ደግሞ ዲንካ መስማት ትፈልጋለች፣ ያን ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝመውን የዳውሮ መለከት፣ ከቴሌቪዥን ሳይሆን አጠገቡ ቆማ።

ሁለቱም መንገድ ጎጀብን ይሻገራል፣ የሚሻገሩበት ቦታ ግን ይለያያል። ፈቃዴ ለሁለቱ አይበቃም። አባባ የሚፈልገው የነዳበትን ጫካ እንደገና ማየት ነው፣ ምን ያህሉ እንደቀረ በዓይኑ ማረጋገጥ። ይህን ጮክ ብሎ አልተናገረም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ትንሿ ደግሞ በጥር ትዳር ይዛ ትሄዳለች፣ ከእኛ ጋር እንዲህ የምትጓዝበት ጊዜ ሌላ መቼ ይገኛል? እማማን ብጠይቃት “እናንተው ተስማሙ፣ እኔ ከኋላ እተኛለሁ” ብላኛለች። ጥቅምት ደግሞ ደረሰ። ቦንጋ ነው ወይስ ጪዳ?