ከምተኩሰው የማልተኩሰው ይበዛል

የአየር ጠመንጃ ልምምዴ የት እንደደረሰ ለጠየቃችሁኝ፦ ሰሞኑን ከምተኩስበት ይልቅ ሳልተኩስ የምለማመድበት ሰዓት ይበልጣል። ውጤቴም የተሻሻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

እኛ ጋ ጠመንጃ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን ምንሽር ነው። ይሄ ሌላ ዓለም ነው። ርቀቱ 10 ሜትር፣ እርሳሷ (ጥይቷ) 4.5 ሚሊ ሜትር ናት። የሚተኮሰው ቆሞ ነው፤ አጉሊ መነጽር አይፈቀድም። ባለ 10ሯ ነጥብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው! በውድድር 60 ጊዜ ይተኮሳል። ጠመንጃው እስከ 5.5 ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል በክንድ ጉልበት ብቻ ይዞ መዝለቅ አይቻልም።

ስለዚህ ክብደቱን አጥንት ይሸከመው። ግራ ክርኔን ዳሌዬ ላይ አሳርፋለሁ፤ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አስደግፋለሁ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ተንፍሼ፣ እገልጣለሁ። ማነጣጠሪያው ወደ ግራ ሄዶ ካገኘሁት በእጄ አልመልሰውም። እግሬን ነው የማንቀሳቅሰው። በእጅ የተጎተተ ጠመንጃ ምላጩ ሲሳብ ወደነበረበት ይመለሳል። ይህችን ብቻ ብትይዙ ብዙ እርሳስ ታተርፋላችሁ።

ቤት ውስጥም የምሠራው ይህንኑ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይቼ፣ ደግሜ አይቼ፣ እርሳሱን ሌላ ክፍል አስቀምጬ ግድግዳ ላይ ወደለጠፍኳት ጥቁር ነጥብ አነጣጥራለሁ። የእኔ ጠመንጃ ያለ አየር ምላጩን ብቻ ማሠራት ይችላል፤ የእናንተ ካልቻለ መጀመሪያ አሠልጣኝ ጠይቁ። ትንፋሼን በከፊል አውጥቼ እይዛለሁ። ምላጩን ቀስ ብዬ እጫናለሁ። ቀጭ ካለ በኋላም ወዲያው አላወርድም፤ ማነጣጠሪያው የት እንደቀረ አያለሁ። የሚያዘናጋ ድምፅ ስለሌለ ትንሿ መንቀጥቀጥ እንኳ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

አሁን የምታገለው ከትዕግሥት ጋር ነው። ብዙ ሰከንድ ካነጣጠርን ዓይን ይደክማል። ያኔ ሳይተኩሱ ማውረድ ነው፤ እሱ ግን ከባድ ነው። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ የሴቶች የ10 ሜትር አየር ጠመንጃ ፍጻሜ ሩሲያዊቷ አናስታሲያ ጋላሺና ከመጨረሻዋ ተኩስ በፊት በ0.2 ነጥብ ትመራ ነበር። የመጨረሻዋ 8.9 ሆነች። ቻይናዊቷ ያንግ ቺያን 9.8 መትታ በ251.8 ወርቁን ወሰደች። ያንን ፍጻሜ ደጋግሜ አየዋለሁ። እዚያ ደረጃ የደረሰ ሰው እንኳ በአንዲት ተኩስ እንዲህ ከተፈተነ፣ ማውረድን ከአሁኑ መልመድ አለብን።

ጥንቃቄው ላይ ድርድር የለም። አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ዒላማ። እስክንተኩስ ጣት ከምላጭ ውጭ። ስናርፍ ደግሞ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን የሚያሳየው ደማቁ የደህንነት ክር በአፈሙዙ ወጥቶ ይታይ።

ቀጥሎ ሰውነትን ደግፎ የሚይዘውን የተኩስ ጃኬት መግዛት አስቤያለሁ። አዲሱ ውድ ነው። ያገለገለ ገዝታችሁ በልካችሁ ያስጠበባችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።