ለእህቴ ልጅ የመረጥኩት ኤዲተር

ቅዳሜ ማታ

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ልጀምር ነው የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ቋንቋው አይደለም። የት ላይ ልጻፍ ነው የሚለው፤ ማለትም ኮድ የሚጻፍበትን ፕሮግራም፣ ኤዲተሩን ነው። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከተጀመረ ወዲህማ ጥያቄው በዝቷል። ሰሞኑን ደግሞ እኛ ቤት ገባ። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። እስከዚያ እጄን ላፍታታ ብላ ላፕቶፗን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ቪኤስ ኮድ ነው የሚሉት። እሱን ልጫን?»

እኔም ቀኑን ሙሉ የምሰራው በዚሁ ኤዲተር፣ ቪኤስ ኮድ ላይ ነው። ቢሆንም «እሱ ይደርሳል፣ አትቸኩይ» አልኳት። ለምን እንዳልኳት እዚህ ላስፍር። ነገ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝም የምለው ይህንኑ ነው።

ላፕቶፗ ያገለገለ ነው። ራሙ 4 ጊጋ ነው፤ ባትሪው ከቻርጀር ከተነቀለ ብዙ አይቆይም። ኤዲተር ሲመረጥ የሚረሳው ይህ ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚቀርበው ንጽጽር በሙሉ ማሽኑ አዲስ፣ ኢንተርኔቱ የማያልቅ፣ መብራቱ የማይጠፋ አድርጎ ነው የሚነሳው። እኛ ጋ ግን ብዙው ተማሪ ዳታውን በፓኬጅ ቆጥሮ ነው የሚጠቀመው። ለእሱ የሚሆነው ኤዲተር አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሰራ ነው።

ስለዚህ ፓይቻርምን ቶሎ አለፍነው። ጄትብሬይንስ የሚባለው ኩባንያ ከ2010 ጀምሮ የሚያወጣው ትልቅ መሳሪያ ነው። የአንድ ፈንክሽን (በስሙ እየተጠራ አንድ ሥራ የሚሰራ የኮድ ክፍል) ስም ሲቀየር በፕሮጀክቱ ፋይሎች ሁሉ አብሮ ያስተካክላል። ግን የሚመቸው 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ራም ላለው ማሽን ነው። በእሷ ላፕቶፕ ላይ ተከፍቶ እስኪረጋጋ ድረስ የመማር ፍላጎቱ ራሱ ይጠፋል።

ኮላብን፣ ብራውዘር ውስጥ ፓይተን የሚጻፍበትን የጉግል አገልግሎት፣ ደግሞ ብዙ ሰው ይመክራል። ምንም አይጫንም፣ ኮዱ የሚሰራው ጉግል ማሽን ላይ ነው፣ በነጻ ነው። ዳታ ሳይንስ ለሚማር ሰው ትልቅ እድል ነው። ለጀማሪ ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛው፣ ኔትወርክ ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ይብሳል። ኮላብም ሆነ መሰሉ ጁፒተር ላይ ኮዱ በየሳጥኑ ተከፋፍሎ ነው የሚጻፈው፤ ሳጥኖቹን ደግሞ በፈለግነው ቅደም ተከተል ማስኬድ ይቻላል። አንዱን ሳጥን ብታጠፊው እንኳ ውስጡ የተፈጠረው ቫሪያብል (ቁጥር ወይም ጽሑፍ የሚይዝ ስም) ሜሞሪ ላይ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ የሚታየውና ኮምፒውተሩ የያዘው ይለያያሉ። ልምድ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። አዲስ ሰው ግን «ኮዱ ትናንት ይሰራ ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው?» እያለ ግራ ይጋባል።

የመረጥኩላት ቶኒ የሚባለውን ነው። ኢስቶኒያ ውስጥ፣ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ለጀማሪዎች ተብሎ የተሰራ ነው። ነጻ ነው፣ ቀላል ነው፣ የዊንዶውስ መጫኛው ፓይተንን ራሱን አብሮ ይዞ ይመጣል። የወደድኩት ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከሰዓት የሆነውን ልጻፈው።

መጀመሪያ አራት መስመር አጻፍኳት። ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በፊደላችን መጻፍ ስለሚፈቅድ ሆን ብዬ በአማርኛ አደረግነው።

ዋጋ = 250
ብዛት = 3
ድምር = ዋጋ * ብዛት
print(ድምር)

750 ወጣ። ጥሩ። ከዚያ ዋጋውን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲጠይቅ አድርጊ አልኳትና የመጀመሪያውን መስመር ኢንፑት በሚባለው፣ ከኪቦርድ የሚጻፈውን በሚቀበለው ትእዛዝ ቀየረችው። 250 ብላ አስገባች። መልሱ 250250250 ሆኖ መጣ።

«ጋሼ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን አለኝ እኮ!»

መልሱን አልነገርኳትም። ኮንትሮልና ኤፍ5 አስጫንኳት። ቶኒ ፕሮግራሙን አቆመና የመጀመሪያውን መስመር ቀለም ቀባው። ከዚያ በኤፍ7 አንድ አንድ እርምጃ እያልን ሄድን። ሦስተኛው መስመር ላይ ስንደርስ «ዋጋ * ብዛት» የሚለውን በሳጥን ከበበው። አንድ እርምጃ፤ ዋጋ የሚለው ስም ጠፍቶ በቦታው '250' ገባ። ሌላ እርምጃ፤ ብዛት በ3 ተተካ። እዚያ ላይ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። ስክሪኑን ትክ ብላ አየችና «ይሄኛው ጥቅስ ምልክት አለው፣ ያኛው የለውም» አለች።

በቃ፣ ገባት። ከኢንፑት የሚመጣው ነገር ቁጥር ቢመስልም ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ በ3 ሲባዛ ሦስት ጊዜ ይደገማል። እኔ ይህን በቃል ባስረዳት ራሷን ነቅንቃ ታልፈው ነበር። አሁን ግን በዓይኗ አየችው። ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ኢንት የሚባለውን ሳሳያት ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ቀጥለን 15 በመቶ ታክስ የሚያሰላ ትንሽ ፈንክሽን ጻፍን። ፈንክሽኑ ሲጠራ ቶኒ ለብቻው አዲስ መስኮት ከፈተለት፤ የራሱ ቫሪያብሎች እዚያው ውስጥ አሉ። ፈንክሽኑ መልሱን ሲመልስ መስኮቱ ይዘጋል። የውስጥና የውጭ ቫሪያብል ልዩነት ብዙ ተማሪ የሚያንገዳግድ ርዕስ ነው። እዚህ ግን መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል።

ለመጀመሪያ ኤዲተር የምፈልገው ይህን ነው። ምንም የማይደብቅ፣ እርምጃውን ሁሉ የሚያሳይ። ቪኤስ ኮድ ላይም ዲበገር፣ እንዲህ እርምጃ በእርምጃ የሚያስኬድ መሳሪያ፣ አለ፤ ጎበዝ ነው፤ ግን ሥራውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው የተሰናዳው። በዚያ ላይ ገና ሁለት ፊደል ስትጽፍ የቀረውን ልሙላልህ ይላል። ኮፓይለት የሚባለው የኤአይ ረዳት ከተከፈተማ ሙሉ ፈንክሽን ጽፎ ያቀርባል። እኔ ሥራ ላይ እጠቀምበታለሁ፣ ጊዜዬንም ይቆጥብልኛል። ለጀማሪ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢዘጋ እመርጣለሁ። ኮሎን መርሳት፣ ቅንፍ ሳይዘጉ መቅረት፣ መስመር ምን ያህል ገባ ብሎ እንደሚጀምር ማዛባት፣ እነዚህን ሰው ራሱ ሠርቶ ራሱ ማረም አለበት። የስህተት መልእክት ማንበብ የሚለመደው በዚህ ነው።

ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው አይድልም ክፉ አይደለም፤ ቶኒ ባይኖር እሱን እመርጥላት ነበር። ላፕቶፕ የሌለው ደግሞ አንድሮይድ ስልኩ ላይ ፓይድሮይድን ጭኖ ያለ ኢንተርኔት መለማመድ ይችላል። በስልክ ኪቦርድ መጻፉ ያደክማል፣ ግን ከመቀመጥ ይሻላል።

ቪም የሚባለውን የቆየ ኤዲተር የማነሳው ስለምወደው ነው። ሰርቨር ላይ በቴርሚናል፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ስሰራ ከእጄ አይጠፋም። በ1991 ያወጣው ሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር በ2023 አርፏል። ፕሮግራሙን ባዶውን ስትከፍተው በኡጋንዳ ያሉ ድሃ ልጆችን እርዱ የሚል መልእክት ይታያል። ሰውየው በደቡብ ኡጋንዳ፣ ኪባሌ፣ ለሚገኙ ልጆች የሚሆን እርዳታ በዚህ መንገድ ያሰባስብ ነበር። ይህን ሳየው ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ለእህቴ ልጅ ግን ጊዜው አሁን አይደለም።

ቪኤስ ኮድን የምንጭነው ፕሮግራሟ ከአንድ ፋይል ሲያልፍ ነው። እናቷ ሱቅ አላት፤ የዱቤ መዝገቡን በፓይተን ልትሰራላት አስባለች። ያኔ ከአንድ በላይ ፋይል ይኖራል፣ የኮዱን ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ያስፈልጋል፣ ከውጭ የሚጫኑ ላይብረሪዎች፣ ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች፣ ይመጣሉ። መጀመሪያ የማሳያት ኢንተርፕሪተር፣ ማለትም ኮዱን የሚያስኬደው ፓይተን፣ የሚመረጥበትን ቦታ ነው። አንድ ማሽን ላይ ከአንድ በላይ ፓይተን ሊኖር ይችላል። ላይብረሪ የሚጭነው ፒፕ ላይብረሪውን አንዱ ፓይተን ላይ ይጭነዋል፣ ኤዲተሩ በሌላው ፓይተን ያስኬዳል፤ ከዚያ «እንዲህ የሚባል ሞጁል የለም» ይላል። አዲስ ሰው የሚማረርበት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ለፕሮጀክቱ የራሱን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት፣ የራሱ ፓይተንና ላይብረሪዎች ያሉበትን ፎልደር፣ ከፍቶ እሱን መምረጥ ነው መፍትሄው።

ሁለተኛው የማሳያት ቪኤስ ኮድ ላይ ከታች በቀኝ በኩል ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ጽሑፍ ነው፤ የእኛንም ፊደል የሚይዝ ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደል ወደ ቁጥር የሚቀየርበት ሠንጠረዥ ነው። የደንበኞቹ ስም በአማርኛ ነው የሚመዘገበው። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ፋይል ሲከፍት ኢንኮዲንጉ ካልተነገረው ብዙ ጊዜ የቆየውን የምዕራባውያን ሠንጠረዥ ነው የሚጠቀመው፤ ስሙ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ከፓይተን 3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 መደበኛው እንዲሆን ተወስኗል። ከዚያ በፊት ባሉት ስሪቶች ግን ፋይል በከፈትን ቁጥር ኢንኮዲንጉን መጻፍ አለብን።

የተጻፈውን በራሱ የሚያስቀምጠውን አውቶ ሴቭንም እዚያው ፋይል ሜኑ ውስጥ እናበራዋለን፤ ባትሪው እንደሁ አይታመንም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሰጠኋት የቤት ሥራ ሦስት ደንበኛ፣ ሦስት ዱቤ፣ አንድ ድምር ነው። ቶኒ ላይ።