በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ያገኘሁበት መንገድ

በባሕር ዳር የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ በማንሳት እተዳደራለሁ። ጥር ሲገባ አብዛኛው ሥራዬ በጣና ዳርቻ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ቤተሰቦች ከውጭ አገር ለሠርግ የሚመጣ ዘመዳቸውን ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሬ እንዳነሳላቸው መጠየቅ አዘውትረዋል። ልጃቸውን ከ18 ዓመት በኋላ ሊቀበሉ የተዘጋጁ አንዲት እናት ይህንኑ ሲጠይቁኝ ወዲያው «እሺ» ሳልል የቀረሁት፣ ቀደም ሲል በራሴ ጥፋት የደረሰብኝን ስለማስታውስ ነው።

ሥራውን በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ሙሽሮችና ሚዜዎች ይዤ ጥበቃ በሚደረግለት አንድ ግንባታ አጠገብ ቆምሁ። ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በዙሪያው አላየሁም ነበር። ጠባቂው ቀረብ ብሎ «ወንድሜ፣ እዚህ ማንሳት አይቻልም» ሲለኝ፣ ካሜራዬን ማውረድ ሲገባኝ «የት ተጽፏል?» ብዬ ተከራከርሁት። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ያህል በፀሐይ አቆመን፤ በመጨረሻም በሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ እንዲጠፋ ተደረገ። በዚያው ካርድ ላይ ጠዋት በሙሽራዋ ቤት ያነሳሁት ምርቃት ነበረ፤ ሙሽራዋ የአያቷን ጉልበት ስትስም፣ አያቷም እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቋት። እኒያ አዛውንት በዓመቱ አረፉ። ቤተሰቡ ያንን ፎቶ ለሐዘናቸው ሲጠይቀኝ የምሰጣቸው አልነበረኝም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቤቱን ሥርዓት ያነሳሁበትን ካርድ ከካሜራው አውጥቼ ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ የሆነው ሁሉ ግን በካርድ መለያየት ብቻ የሚፈታ አልነበረም።

ቆይቼ የተረዳሁት፣ በር ላይ የቆመ ሰው የመከልከል ግዴታ እንጂ የመፍቀድ ሥልጣን የሌለው መሆኑን ነው። እርሱን መለመንም ሆነ መቆጣት በእጁ የሌለውን ነገር መጠየቅ ነው፤ ቢፈቅድልኝ እንኳ ተጠያቂ የሚሆነው እርሱ ነው። ፈቃድ የሚገኘው ከበሩ ሳይሆን ከቢሮው፣ በዕለቱም ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

ደንበኞቼ «ዛሬ ሁሉም ነገር በሳተላይት ይታይ የለም ወይ?» ይሉኛል። ሳተላይት ጣሪያውንና መንደርደሪያውን ያሳያል፤ ከመሬት የተነሳ ፎቶ ግን የአጥሩን ከፍታ፣ የበሩን አሠራር፣ የፍተሻውን ሂደትና የጠባቂዎቹን ፊት ይይዛል። የባሕር ዳሩ ማረፊያ አየር ኃይሉም የሚጠቀምበት ሲሆን፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ሮኬት መተኮሱን የከተማችን ሰው አይረሳውም። ጥንቃቄው ለታይታ የሚደረግ አለመሆኑን ለደንበኞቼ የማስረዳው ከዚህ ተነስቼ ነው። ጉዳዩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም፤ በ2001 እ.ኤ.አ. አውሮፕላን መመልከትና መመዝገብ የሚወዱ እንግሊዛውያንና ሆላንዳውያን በግሪክ፣ ካላማታ በሚገኘው የአየር ኃይል ሰፈር በስለላ ተጠርጥረው ታስረው ነበር፤ የተፈረደባቸውም ፍርድ የተሻረላቸው በቀጣዩ ዓመት በይግባኝ ነው። በመስኮት በኩል ጣናን ለማንሳት የሚጓጓ መንገደኛም አስተናጋጇ እንዳያነሳ ስትጠይቀው ቅር ሊሰኝ አይገባውም፤ ኢትዮጵያም የፈረመችው፣ አገሮች ስለ ሲቪል አቪዬሽን የተስማሙበት የ1944 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ስምምነት በአንቀጽ 36 ላይ፣ ማንኛውም አገር በግዛቱ ላይ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ በፎቶ መሣሪያ መጠቀምን ሊከለክል ወይም ሊቆጣጠር እንደሚችል ደንግጓል።

ወደ እናትዮዋ ጉዳይ ልመለስ። ከበረራው ዐሥር ቀን ቀደም ብዬ፣ ካሜራ ሳልይዝ ወደ ማረፊያው ሄድሁ። ባዶ እጄን መሄዴ ያለ ጥርጣሬ እንድነጋገር የረዳኝ ይመስለኛል። የጠየቅሁትም «ማንሳት ይቻላል?» ብዬ ሳይሆን «ይህን የሚፈቅደው ማን ነው? ማመልከቻውስ ምን መያዝ አለበት?» ብዬ ነበር። በማመልከቻው ላይ ስሜንና የረዳቴን ስም፣ የካሜራዎቼን ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ የበረራውን ቀንና ሰዓት ገለጽሁ፤ የመታወቂያችንንና የንግድ ፈቃዴን ቅጂም አያያዝሁ። ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ግን የማላነሳውን መዘርዘሬ ነው፤ የፍተሻ ቦታ፣ በር፣ አጥር፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው፣ አውሮፕላን የቆመበት ሜዳ በምስሉ እንደማይገባ በጽሑፍ አረጋገጥሁ። የምቆምበትንም ቦታ በወረቀት ላይ በእጄ ሥዬ አሳየሁ።

የልጁ ወንድም አውሮፕላኑ ሲወርድ በድሮን እንዲቀረጽለት አጥብቆ ጠይቆኝ ነበር። በአገራችን ድሮን ለመጠቀም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ በማረፊያ አካባቢ ማብረር ደግሞ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል መሆኑን ነግሬው፣ ይህ ካልተተወ ሥራውን እንደማልቀበል አስታወቅሁት። ተቀየመኝ፤ እኔም በውሳኔዬ ጸናሁ።

የተሰጠኝ ፈቃድ ጠባብ ነበር፤ መንገደኞች ከወጡ በኋላ፣ ከሕንፃው ውጭ፣ አንድ ሠራተኛ ባለበት፣ ለዚያ ቀን ብቻ። ከዋዜማው ጀምሮ ያስጨነቀኝ ግን የእንግዶቹ ስልክ ነበር፤ እኔ ፈቃዴን ጠብቄ ሳለሁ አንድ የአክስት ልጅ ፍተሻውን ቀርጾ ወዲያው ቢለጥፈው ጣጣው ለሁላችንም ይተርፋል። ስለዚህ እናትዮዋን ለመንኋቸው፤ እርሳቸውም ቤተሰቡን ሰብስበው «ልጄ እስኪወጣ ማንም ስልኩን እንዳያወጣ» ሲሉ ቃላቸውን የጣሰ አልነበረም።

ቤተሰቡን ያቆምሁት ጀርባቸውን ለዛፎቹ ሰጥተው ነው። የኋላው ገጽታ ደብዝዞ ሰው ብቻ ጎልቶ እንዲታይ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀርቤ አነሳሁ። ልጃቸው ሲወጣ እናትዮዋ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ መሬት ነካ፤ አላነሱትም። ሥራው ዐሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀ። እንደጨረስሁ ካሜራዬን ራሴ ለሠራተኛው ሰጥቼ ምስሎቹን አንድ በአንድ አሳየሁት። በአንዱ ጥግ ላይ የበር ምሰሶ ገብቶ አገኘው። እናትዮዋ በዚያ ፎቶ ላይ ፊታቸው ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ያማረ ነበር፤ እያየ አጠፋሁት።

በሌላ ዓመት ለሌላ ቤተሰብ ስሄድ የቀድሞውን ደብዳቤ ይዤ ነበር፤ አልሠራልኝም። የጸጥታው ሁኔታ ሲለወጥ ትናንት የተፈቀደው ዛሬ ሊከለከል ስለሚችል እንደገና ማመልከት ነበረብኝ፤ ያንን ጊዜ መልሱ «አይቻልም» ሆነ፤ አቀባበሉንም በቤታቸው ግቢ አነሳሁ።

እነዚያ እናት ከሠርጉ በኋላ ልጃቸውን ይዘው በጀልባ ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲሄዱ አብሬአቸው ነበርሁ። ልጁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሲያይ ስልኩን አወጣ። እናቱ እጁን ያዝ አድርገው «መጀመሪያ አባን አስፈቅድ» አሉት። ካህኑ ፍላሽ ሳይበራ ሥዕሎቹን ብቻ እንዲያነሳ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ግን እንዳይሞክር ነገሩት።