ስድስት ስድስት

ያን ሌሊት ዋርዱ ውስጥ 24 ሕሙማን ነበሩ። ተረኛ ነርሶች ደግሞ አራት። እንደወትሮው በአልጋ ቁጥር ተከፋፈልን፤ ስድስት ስድስት ደረሰን።

የእኔዎቹ ራሳቸው ተነስተው ሽንት ቤት የሚሄዱ ናቸው። የባልደረባዬስ? አንዱ ደም ተጀምሮለታል። አንዱ ኦክስጅን ላይ ነው። ሁለቱ ስትሮክ የመታቸው፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚገላበጡ። አንዲት እናት ደግሞ የሚያደርጉትን ሳያውቁ የእጃቸውን መርፌ ይነቅላሉ።

ደም ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ላይ ዓይን አይነቀልም። ከባዱ ችግር ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው ብቅ የሚለው። ግን እናትየው መርፌውን ነቅለው አንሶላው በደም ርሷል። ባልደረባዬ ምን ታድርግ? ወደ እሳቸው ሮጠች። «ሲስተር! ኧረ ሰውዬው ተንቀጠቀጠ!» ብሎ የጮኸው የጎን አልጋ አስታማሚ ነው። ደሙን ዘጋን፣ መስመሩን ቀይረን ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ቀጠልን፣ ሐኪም ጠራን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ።

ጠዋት ሄድ ነርሷ፣ የዋርዱ ነርሶች ኃላፊ፣ ማንንም አልተቆጣችም። «ክፍፍሉን አሳዩኝ» ብቻ አለች። እስከ ዛሬ የማከብራት ለዚህ ነው። ሌላ ቢሆን ያቺን ልጅ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ይገላገላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልጋ መቁጠር ቀረ። በርክክብ ሰዓት እያንዳንዱ ታካሚ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል። ራሱን የቻለ 1፣ ከአጠገቡ የማይራቅ 4። የምንካፈለው ድምሩን ነው። አንዷ አራት ሰው ስትይዝ ሌላዋ ስምንት ልትይዝ ትችላለች። መጀመሪያ ላይ ሁሉም የራሱን ታካሚ 4 ማለት ጀመረ። ስለዚህ ወጪዋና ገቢዋ ነርስ አልጋው አጠገብ ቆመው አብረው ይሰጣሉ። የታካሚው ሁኔታ ከተለወጠ ነጥቡም በፈረቃው መሃል ይለወጣል።

በእርግጥ የሰው ቁጥርም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የተሠራ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ ያሳያል። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ጣሪያውን በሕግ አስራለች፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ለአንድ ነርስ ከሁለት በላይ አይፈቀድም።

እኛ ዘንድ ሁላችንም የሞላብን ሌሊት አሁንም አለ። ድሮ «በዛብን» ስንል «አልጋው ያው 24 አይደል እንዴ?» እንባል ነበር። አሁን ሄድ ነርሷ ድምሩን ይዛ የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ ኃላፊ የሆነችው ማትረኗ ጋ ትሄዳለች። ብዙ ጊዜም ከሌላ ዋርድ አንድ ሰው አስከትላ ትመለሳለች።