አራተኛው ዳዶ

መኪናዋ ቪትዝ ናት። ባለቤቷ ጡረተኛ ናቸው፤ የፊት ፍሬን ሸራ ግቢያቸው ውስጥ ራሳቸው ይቀይራሉ። በቪትዝ ላይ ሥራው ያን ያህል አይደለም፦ የካሊፐሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ ላይ ሸራውን የሚጫነው ክፍል) የታችኛውን ባለ 14 ቡሎን ፈትቶ ካሊፐሩን ወደ ላይ ማንሳት፣ አሮጌውን ሸራ ማውጣት፣ የፍሬን ዘይቱ ሞልቶ እንዳይፈስ እያዩ ፒስተኑን ቀስ ብሎ መግፋት፣ አዲሱን ማስገባት። እሳቸው ግን ካሊፐሩ ጋ አልደረሱም። ጎማውን ካሰሩት አራት ባለ 21 ዳዶዎች ሦስቱ በመከራ ለቀቁ፤ አራተኛው ላይ መፍቻው ጫፍ ቱቦ ሰክተው ቢጫኑት ቡሎኑ ከነዳዶው ተቆረጠ።

ጎማው ጎሚስታ ቤት ከገባ ገና ሳምንቱ ነው፤ ክሩ ዝገት የለውም። ስለዚህ ሂሳቡ ቀላል ነው። ይህ ዳዶ የሚፈልገው የማጥበቂያ ኃይል 103 ኒውተን ሜትር ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ25 ሳንቲሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ ሙሉ ክብደቱን ቢጥል ወደ 170 ይደርሳል። ሰው ቆሞበት ንቅንቅ ካላለ፣ ያሰረው የአየር መፍቻ ምን ያህል እንደሄደበት ገምቱት። ባለ 12 ሚሊሜትር ቡሎን ከልኩ በላይ ከተሳበ ይለጠጣል፤ ወደ ቀድሞው ርዝመት አይመለስም። አንዱ ጠብቆ አንዱ ላልቶ ከታሰረ ደግሞ ዲስኩ ሊጣመም ይችላል፤ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ባለቤቱም ጥፋቱ የሸራው መስሎት ሌላ ሸራ ይገዛል።

ሥራው ወደ እኛ ጋራዥ መጣ፤ አለቃችን የተቆረጠውን ቡሎን ይዞ ጎሚስታው ጋ ሄደ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ምን አድርገኸው ነው?»

«ጋሼ፣ ጎማ ወልቆ ሰው ቢሞት የሚጠየቀው ማነው?»

«እሺ፣ ዝዋይ መንገድ ላይ ጎማው ቢተነፍስባቸው በምን ይፍቱት?»

«እዚያም ጎሚስታ አለ።»

አለቃችን መልስ አጣ። እስከ ምሳ ሰዓት ብቻውን ሲያጉረመርም ቆየ።

ቡሎኑን መተካት ካሊፐሩንና ዲስኩን ማውረድ ይጠይቃል። ጉማጁ ወደ ኋላ ተገፍቶ ይወጣል፤ መዶሻ ኩሽኔታውን ሊጎዳው ስለሚችል በማውጫ ቢሆን ይሻላል። አዲሱ ከኋላ ገብቶ፣ ሮንዴላ ተደራርቦበት፣ በዳዶ እየተሳበ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ክሩን ግሪስ መቀባት የለም፤ የረጠበ ክር በዚያው ኃይል ቡሎኑን ከደረቁ የበለጠ ይስበዋል።

ዳዶዎቹ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመስቀለኛ ተራ፣ መጨረሻ ላይ ጎማው መሬት ሲነካ በቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ፣ መጥበቅ ነበረባቸው። ቶርክ ሬንቹ ግን እስቶር ተቆልፎበት ነበር፤ እንዳይሰረቅ። ረዳቱ መፍቻውን ሰክቶ በእግሩ ሁለቴ ዘለለበት። አለቃችን አይቶ ዝም አለ።

ሰውየው ነገሩን ሳያዩት አልቀሩም። የራሳቸውን ቶርክ ሬንች ገዙ። አሁን ጎማ ባሠሩ ቁጥር ቤት ሲደርሱ አራቱንም አላልተው በ103 ያስሯቸዋል፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዱ በኋላም ደግመው ያዩዋቸዋል። ጎሚስታው ይህን ሰምቶ ተቀይሟል አሉ፤ «እኔ ያሰርኩት መቼ ወልቆ ያውቃል?»