የድሬ ሙቀትና የኛ ሚቴን መለኪያ

ሶስት ሳምንት ሙሉ በሌለ ጋዝ ስንጨቃጨቅ ከረምን አቦ። እኔና ጓደኛዬ ድሬ ከዚራ ሰፈር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚቴን መለኪያ እየሰራን ነው፣ ነገርየው ሲያዩት ቀላል ነው፣ 1653 ናኖሜትር አካባቢ የሚሰራ ትንሽ ሌዘር፣ አየር ያለበት የ1 ሜትር ቱቦ፣ ጫፉ ላይ የደረሰውን ብርሃን የሚለካ ዲቴክተር። ሚቴን ያቺን ቀለም ይውጣታል (በአይን አትታይም፣ ኢንፍራሬድ ናት) ስንት እንደጎደለ አይተህ ስንት ጋዝ እንዳለ ታሰላለህ፣ በቃ።

ጣጣው የሚጎድለው ኢምንት መሆኑ ነው። ዝም ብሎ አየር ላይ ያለው ሚቴን 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ሁለት እጅ) ገደማ ነው፣ በ1 ሜትር መንገድ ከብርሃኑ አስር ሺህኛውን ቢበላ ነው። እና ጠዋት 2 ፒፒኤም ያለው ማሽን ሰባት ሰዓት ላይ 40፣ ቆይቶ ደግሞ ከዜሮ በታች!! ኔጋቲቭ ሚቴን። ጓደኛዬ ጋዙ የሚመጣው ከጎረቤት ሽንት ቤት ነው አለ፣ እኔ ደግሞ ሌዘሩ ደካማ ነው ጠንከር ያለ እንግዛ አልኩ (ዶላሩ ከየት እንደሚመጣ እሱ ይወቅ)።

አንድ ቀን በርጫ ሰዓት ላይ ሽርጤን እንዳሸረጥኩ ሳላስበው የሌንሱን መያዣ ጨበጥ ሳደርገው ስክሪኑ ላይ ያለው ሞገድ መንሸራተት ጀመረ። ለቀቅኩት፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። እንዴ፣ ጋዝ የኔን እጅ ምን አገባው?

ያንን ሞገድ ኢታሎን ፍሪንጅ ነው የሚሉት። ተራ መስታወት ከአንድ ገፁ 4 ፐርሰንት ያህል ብርሃን ይመልሳል፣ ሁለት ገፅ ትይዩ ሆነው ከተፋጠጡ ብርሃኑ መሀላቸው እየተመላለሰ አንዴ ይደማመራል አንዴ ይጠፋፋል፣ ሞገድ ይሰራል። የኛ ሌንስና መስኮት መሀል 3 ሳንቲሜትር ነበር፣ ያ የሚሰራው ሞገድ ስፋቱ ከሚቴን መስመር (ሚቴን ብርሃን ሲውጥ ስክሪኑ ላይ ከሚሰራው ጎድጓዳ) ጋር ቁርጥ መንታ ነው፣ ሶፍትዌሩ በምን ይለየው። መያዣው ደግሞ አሉሚኒየም፣ 3 ሳንቲሜትሩ በ1 ዲግሪ 0.7 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ገደማ ይረዝማል፣ ፍሪንጁን አንድ ዙር ሙሉ ለማንሸራተት 0.8 ይበቃዋል። የድሬ ጠዋትና ቀትር በስንት ዲግሪ እንደሚለያይ ለድሬ ልጅ አላስረዳም።

መስኮቱን ዘመም አደረግነው፣ ከስሩ የታጠፈ የሞባይል ካርድ ወትፈን። አብዛኛው ሞገድ ጠፋ። ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ ያለው መስታወት ቢገኝ ይሻል ነበር፣ ግን ያው ዋጋው። ለቀረው ታይዋን ገበያ ሄደን ከተበላሸ ሞባይል የወጣ ቫይብሬተር ገዝተን መያዣው ላይ ለጠፍነው፣ ሲንቀጠቀጥ ፍሪንጁ ወዲያ ወዲህ ስለሚል አቨሬጅ ሲደረግ ይጠፋል፣ የሚቴኗ መስመር ግን ንቅንቅ አትልም።

አሁን ሰባት ሰዓትም ላይ 2 አካባቢ ነው፣ መብራት ካልሄደ። ቀጥሎ የብርሃኑን መንገድ ማስረዘም አስበናል፣ በፈረንጅ 1964 የወጣው የኼሪዮት ሴል አለ፣ በሁለት ጎድጓዳ መስታወት መሀል ብርሃኑን ደጋግሞ የሚያመላልስ፣ መስታወት ሲጨመር ፍሪንጅም አብሮ እንደሚመጣ ግን ከወዲሁ ይታየኛል። ጓደኛዬ ጎረቤታችንን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀም።